ውጤቱን የሚሰጠው ማን ነው?

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ሁለት ዓይነት እንግዳ ትቀበላለች። አንደኛው ዳያስፖራው ነው፤ እሱን ከነሻንጣው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም። ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ፣ በአንድ ሚኒባስ ከእንግዳ ማረፊያ ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወደ እንግዳ ማረፊያ የሚመላለሱ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ቱሪስቶች አይደሉም። ትምህርት ላይ ናቸው። ሦስት ወይም አራት ሳምንት እዚህ «ያገለግላሉ»፣ ማታ ማታ ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ አገራቸው ሲመለሱ እንደ አንድ ኮርስ ይቆጠርላቸዋል።

ነገሩ ስም አለው፤ ሰርቪስ ለርኒንግ ይባላል። በአማርኛ «በማገልገል መማር» ብንለው ያስኬዳል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ተማሪው ክፍል ውስጥ ስለ ድህነት ወይም ስለ ጤና አጠባበቅ ያነበበውን ሰው መካከል ገብቶ እጁን እያቆሸሸ ይማረው ነው። የጋዜጠኝነቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ (ሥራ ቀዝቅዞበት የማያውቅ ፍሪላንሰር ካለ እጁን ያውጣ) እንዲህ ያሉ ቡድኖችን በአስተርጓሚነት አጅቤያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀን መቁጠሪያው ልጀምር፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ነውና። የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ረጅሙን ዕረፍት የሚያደርጉት በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ነው። ተማሪዎቹ የሚመጡት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት መቼ ነው? ያኔውኑ። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ገብተን እናግዛለን» ብሎ የመጣ ቡድን የሚያገኘው የተቆለፈ በርና ዘበኛ ነው። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ፣ ሁልጊዜ ልጅ የማይጠፋበት፣ እንግዳ ለመቀበል በሩን የሚከፍት ቦታ የት ይገኛል? የሕፃናት ማሳደጊያ። ወላጅ አልባ ልጅ ዕረፍት አይወጣም። አስተባባሪው ኢሜይል የሚጽፈው ወደዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚመርጠው የችግሩ ክብደት ሳይሆን የአውሮፕላን ትኬቱ ቀን ነው።

አንዱን ቡድን ልንገራችሁ። አስራ አንድ ተማሪዎች ናቸው፤ ከአሜሪካ፤ ሦስት ሳምንት ቆዩ። የተመደቡበት ማሳደጊያ አርባ የሚሆኑ ልጆች ነበሩበት። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት የለበትም። ተማሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ከልባቸው ነበር። ኳስ ይጫወታሉ፣ ፀጉር ይጎነጉናሉ፣ ትንንሾቹን አዝለው ይዞራሉ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አንዷን ተማሪ ከያዘ አይለቃትም ነበር፤ መጸዳጃ ቤት እስክትገባ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ተማሪዋ ይህን እንደ ፍቅር አየችው። ልጆቹን ለዓመታት ያሳደገችው ሞግዚት ግን ቡና እያፈላች እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ወንድሜ፣ እነሱ ሲሄዱ ማታ ማን ያባብለዋል? ባለፈው ዓመትም አንዷን እንዲሁ ነበር። አራት ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ይመጣል። አሁንማ ሰው ሁሉ ሄያጅ መስሎታል፤ እኔንም ቢሆን።»

ይህን ለተማሪዎቹ ንገርልኝ አላለችኝም። ማንም ስለማይጠይቃት እንጂ ለመናገርማ አልፈራችም።

በዓለም ላይ ስለዚህ ነገር ንግግር ከተጀመረ ቆይቷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ዜጎቿ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ለበጎ ፈቃድ እንዳይጎርፉ የሚመክር ዘመቻ ጀምራለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የሕፃናት መብት ውሳኔ ላይ ይህ ዓይነቱ ጉብኝትና በጎ ፈቃደኝነት ልጆችን እንደሚጎዳ አንሥቷል። በየአገሩ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ተናግረዋል። እኛም አገር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ያወራነው ልጁ ከአገር ስለመውጣቱ ነበር። እንግዳው እየገባ ስለሚወጣበት ልጅ ግን ብዙም አልተነጋገርንም።

ግን የኔ ጥያቄ ማሳደጊያው ላይ አያበቃም። ማሳደጊያውን ትተው የአረጋውያን መርጃ ቢሄዱ፣ ክሊኒክ ቢሄዱ፣ አጥር ቀለም ቢቀቡ፣ ያው ነገር መልኩን ቀይሮ ይመጣል። የታወቀኝ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው።

ማታ ማታ ከእራት በኋላ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። «ሪፍሌክሽን» ይሉታል። እያንዳንዱ ቀኑን ምን እንደተሰማው ይናገራል። አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላዋ ያላትን ነገር ማመስገን እንዳለባት እንደገባት ትናገራለች። መምህራቸው ማስታወሻ ይይዛል። ይሄ ነው የሚታረመው፤ ውጤት የሚሰጠው በዚህ ነው። በቀን ሥራው ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳስተረጉም የምውል ሰው፣ በዚህ ሰዓት ምንም ሥራ አልነበረኝም። ማንም የሚተረጎምለት ኢትዮጵያዊ ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ! ሞግዚቷ ቤቷ ገብታለች። የማሳደጊያው ኃላፊ አልተጠራም። ስለ ቀኑ ውሎ ሁሉም ተናገረ፤ ቀኑን ያስተናገዱት ሰዎች ብቻ ቀሩ።

ከአስራ አንዱ አንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ «ነዪ ብዪ» እና «ጫማሽን አውልቂ» ላይ ጠንካራ ናት፣ ከዚያ ወዲያ ትንገዳገዳለች። በመጀመሪያው ቀን ሞግዚቷ አገላብጣ ስማት «የማን ልጅ ነሽ?» ስትላት ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ለሌሎቹ «ቮለንቲር» መሆን በቂ መልስ ነበር። ለእሷ ግን አልበቃም። በሁለተኛው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ያለችኝን አልረሳም፤ አክስቷ የሞተች ጎረቤቷን ልጅ ከራሷ ልጆች ጋር እያሳደገች ነው፤ «አንቺስ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብላ ስትጠይቃት የምትመልሰው አጣች። በማታው ክብ ላይ ዝም ማለት አበዛች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ መምህሩ የተሳትፎ ነጥቧን ቀነሰባት። ከአስራ አንዱ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር በትክክል የገባት እሷ ብቻ ነበረች ብዬ አምናለሁ፤ ነጥብ የተቀነሰባትም እሷ ናት።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ሐሳቡን የጀመሩት ሰዎች እንዲህ አላሉም። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1967 አካባቢ መጠቀም የጀመሩት ሮበርት ሲግመን እና ዊሊያም ራምሴይ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ሲግመን እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት መርሆች ጻፈ። የመጀመሪያው፣ አገልግሎቱን የሚቆጣጠሩት ተገልጋዮቹ ይሁኑ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተገልጋዮቹ በሂደቱ ራሳቸውን የበለጠ የሚችሉ ይሁኑ ይላል። አገልጋዩ ተማሪ ስለመሆኑ የሚያወራው ሦስተኛው ነው። እኔ ባጀብኳቸው አብዛኞቹ ቡድኖች ያየሁት ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ መንገድ ላይ ወድቀዋል።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968፣ ኢቫን ኢሊች የተባለው ካህንና ፈላስፋ ሜክሲኮ ውስጥ ኩዌርናቫካ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሊሆኑ ለተዘጋጁ አሜሪካውያን ተማሪዎች ንግግር አድርጎ ነበር።  ለማየት ኑ፣ ተራራ ውጡ፣ ተማሩ፣ ልትረዱ ብላችሁ ግን አትምጡ አላቸው። ቋንቋውን ሳታውቁ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ሕዝቡ ስለ እናንተ የሚያስበውን እንኳ መስማት አትችሉም የሚል ሐሳብም አለበት። እኛ ይህን በአጭሩ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እንለዋለን።

ኢሊችን ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። ምክንያቱም የተሳካ አይቻለሁ።

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከአውሮፓ የመጡ አራት ተማሪዎች ናቸው። እነዚህ ግን የመጡት በክረምት ሳይሆን በመስከረም ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ቆዩ፤ ጠዋት ጠዋት አማርኛ ይማሩ ነበር። የተመደቡት ለቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ነው፤ ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሴት ናት። ተማሪዎቹ የንባብ ክበብ ለማቋቋም ዕቅድ ይዘው ነበር፤ ባለቀለም ካርድ ሁሉ ገዝተዋል። እትዬ ዕቅዱን እኔ እያስተረጎምኩላት እስከ መጨረሻው ሰማችና «ልጆቹ ማንበብ ያውቃሉ፤ የሚያነቡት የት እንዳለ ነው የማያውቁት» አለች። መጋዘኑን ከፈተችላቸው። ከውጭ በእርዳታ የመጡ፣ ከእኛ ሥርዓተ ትምህርት ጋር የማይገናኙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በካርቶን ተቆልለዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ ልጆቹ የሚፈልጓቸው የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ሥራው እነዚህን አውጥቶ፣ አቧራ ጠርጎ፣ በፊደል ተራ መደርደርና መመዝገብ ነው። ፎቶ የሚያስነሣ ሥራ አይደለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልጠቀሟትም። በፊደል ተራ ለመደርደር ፊደል ማወቅ ያስፈልጋላ! ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነው ሦስት ቦታ መቀመጣቸው ልጆቹን ሊያሳብዳቸው ደረሰ (እኛንስ መቼ አላሳበደንም?)። አንድ ቀን መደርደሪያ ሙሉ ጨርሰው ደስ ብሏቸው ጠሯት። አየችና ሁሉንም አውርዱት አለች። ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓ» ላይ፣ በዓሉ ግርማን «ግ» ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር፤ እንደ አገራቸው በአባት ስም። እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንደሆነ፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ፣ ሴት ልጅ ስታገባም ስሟን እንደማትለውጥ ግማሽ ሰዓት አስረዳቻቸው። ከዚያ አንዱ ተማሪ ስለ አያት ስም ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ ክርስትና ስም፣ ነገሩ ወደ ቡና ተሻገረ። እነዚያ ልጆች ያን ቀን ስለ ኢትዮጵያ የተማሩትን ያህል በየትኛውም ኮርስ አይማሩም። ያስተማረችው እሷ ናት። ረዳት የነበሩት እነሱ ናቸው።

ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የፕሮግራሙ መምህርት ገና ሲጀመር ከውጤቱ ግማሹን እትዬ ትሰጣለች ብላ ወስና ነበር። በወረቀት አይደለም፤ መምህርቷ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች፣ እኔ መካከል ቁጭ ብዬ፣ ስለ እያንዳንዱ ተማሪ ትጠይቃታለች። አንዱ ልጅ ዝቅተኛ አገኘ። አልተዋጠለትም። መምህርቱ «እሷን ጠይቃት» አለችው። መጣ። ሰዓቱ ግራ እያጋባው እንደሆነ፣ ሁለት ሰዓት ስትለው የቱን ሁለት ሰዓት እንደሆነ እንደማያውቅ አስረዳ። እትዬ በትዕግሥት ከሰማችው በኋላ «በመጀመሪያው ሳምንት እሺ። በስምንተኛውስ?» አለች። ይህን ሳስተረጉም ፊቴን መቆጣጠር አልቻልኩም። ልጁ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር። ሲሄዱ መዝገቡ አልቆ ነበር፤ ከወራት በኋላ ደውዬ ስጠይቃት አሁንም በእሱ እየሠራች ነው።

በዚህና በማሳደጊያው መካከል ያለው ልዩነት የተማሪዎቹ ደግነት አይደለም። ምናልባት የቆይታው ርዝመት አንዱ ነው፤ ቋንቋውም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቅር ያሰኛት እንደሆነ ቅሬታዋ ዋጋ እንዳለው ሁሉም ያውቅ ነበር። ሞግዚቷ የአንዱን ተማሪ ውጤት በግማሽ መቀነስ ብትችል ኖሮ ያ መምህር በሁለተኛው ቀን ቡናዋ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥ ነበር። ስለ አራት ዓመቱ ልጅም ይሰማ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ የውጭ ተማሪ ማስተናገድ ትናንት የጀመረች ከተማ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1958 አክራ ላይ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ወቅት ለአፍሪካ ወጣቶች ሁለት መቶ የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች እዚህ መጥተዋል። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮም ከእነዚያ ዓመታት ተማሪዎች አንዱ ናቸው። እነዚያ ልጆች ሊያገለግሉን አልመጡም፤ ሊማሩ ነው የመጡት። ሆኖም በነጻነት ይናገሩ ስለነበር የእኛን ተማሪዎች አነቁ፤ የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሁሉ ያነሡታል። የራሳችን ልጆችም በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርደው፣ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። አንድ ዓመት ነው፤ ሦስት ሳምንት አይደለም። ያዩትን አይተው የተመለሱ ልጆች ያለቀሱት በክብ ተቀምጠው አልነበረም።

ስለ ራሳችን ካነሣን አይቀር፣ እኛም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለንም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል ሦስተኛ ተልእኮ አላቸው። በየክረምቱም በጎ ፈቃድ አለ፤ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፣ ችግኝ ይተከላል። መልካም ነው። ግን ቤታቸው የታደሰላቸውን እናት ቆርቆሮው ያፈስሳል ወይ ብሎ በነሐሴ መጨረሻ ተመልሶ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ባነሩ ግን በማግስቱ ፌስቡክ ላይ አለ።

ከባነር የራቀ አገልግሎት ማየት የፈለገ የውጭ ተማሪ ካለ ዕድር ይግባ። ቀልዴን አይደለም። ከእትዬ አራት ተማሪዎች አንዷ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከአንድ ቤተሰብ ጋር ትኖር ነበር። ጎረቤት ሰው ሞተ። ያስጠጓት እናት ነጠላ አልብሰው ድንኳን ወሰዷት፤ ንፍሮ አዙሪ፣ ሰሐን እጠቢ ተባለች። ሦስት ቀን አጠበች። ማንም አላመሰገናትም፤ ሁሉም ያንኑ ነው የሚሠራው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ ሰሐኑን በደንብ አላለቀለቅሽም ብለው መለሱባት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ እንዴት እንደበራ!

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሳምንት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪ መልእክት ደርሶኛል፤ ለሐምሌ አሥራ አራት ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ሦስት ሳምንት፣ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ አስተርጓሚ እንፈልጋለን ይላል። ክፍያው ጥሩ ነው፤ የአራት ቀኑ ያችን ሞግዚት የወር ደመወዝ ያህላል። ሦስት ነገር ጠይቄ መለስኩ። ቦታው ማሳደጊያ ያልሆነ ይሁን፤ በማታው ክፍለ ጊዜ አስተናጋጆቹ ይገኙ፣ ለእሱም ይከፈላቸው፤ ከውጤቱም የተወሰነውን እነሱ ይስጡ።

ለመጀመሪያው «እንነጋገርበታለን» አሉ። ሁለተኛውን ወደውታል፤ «ባህላዊ የቡና ሥነ ሥርዓት» ይጨመርበት ብለዋል። ስለ ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲው ደንብ ይፈቅድ እንደሆነ አጣርተን እንመለሳለን ብለው ከጻፉልኝ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው።